አቡጀዴ ላይ የታተመ ቅጠል ሲታጠብ የሚደበዝዘው ለምንድን ነው?

ከዚራ፦
ጤና ይስጥልኝ፤ የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። የባሕር ዛፍ፣ የዘይቱንና የጽጌረዳ ቅጠሎችን አቡጀዴ ላይ ደርድሬ፣ ጨርቁን በዱላ አጥብቄ ከጠቀለልኩና በገመድ ካሰርኩ በኋላ በእንፋሎት አበስለዋለሁ። ጥቅሉ ሲፈታ የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይታያል፤ ከታጠበ በኋላ ግን የሚቀረው ፈዛዛ ቢጫ ብቻ ነው። በዚሁ አሠራር ሐር ላይ ያተምኩት ባሕር ዛፍ ደማቅ ብርቱካናማ እንደሆነ ዘልቋል። ቀለሙን እንዲይዝልኝ ጨርቁን አስቀድሜ በሸብ ውሃ እዘፈዝፋለሁ። ችግሩ ከጥጡ ነው ወይስ ከከተማችን ውሃ? ለሽያጭ ስለምሠራ፣ ገዢ ቤቱ ወስዶ ሲያጥበው የሚጠፋ ነገር ማቅረብ አልፈልግም።

ጀጎል፦
እህቴ፣ ዋናው ጉዳይ ጥጡ ነው። ሐርና ሱፍ ፕሮቲን ስለሆኑ የባሕር ዛፍን ቀለም ያለ ሸብ እንኳ ይቀበላሉ፤ ጥጥ ግን ሴሉሎስ፣ ማለትም የተክል ክር ነው፣ ሸብም ብቻውን አጥብቆ አይይዘውም። እዚህ ሐረር ሙሽራ እጅ ላይ የሚደምቀው ሂና ነጠላ ላይ ያን ያህል የማይደምቀው ቆዳም ፕሮቲን በመሆኑ ነው።

ስለዚህ ከሸቡ በፊት ታኒን ያስፈልጋል፤ ይህም በልጣጭና በቅጠል ውስጥ የሚገኝ፣ ሸቡ ጥጡ ላይ እንዲጣበቅ የሚረዳ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ነው። በእኔ አስተያየት ለእኛ አካባቢ የሮማን ልጣጭን የሚያህል የለም፤ ልጣጩን አፍልተው ካጠለሉ በኋላ ጨርቁን በለብታው ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፣ መደቡ ግን ቢጫ እንደሚሆን ይወቁ። ቀጥሎ ሸቡን በደረቁ ጨርቅ ክብደት 15 በመቶ፣ ማለትም ለ1 ኪሎ ጨርቅ 150 ግራም አድርገው ይዘፍዝፉበት። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ አቡጀዴው በማጠቢያ ሶዳ መቀቀል አለበት፤ የጥጡ ሰምና ከፋብሪካ የተቀባው ስታርች ካልለቀቀ ታኒኑም ሆነ ሸቡ ክሩ ውስጥ አይገቡም።

ደቻቱ፦
ስለ ጥጡ የተባለው ትክክል ነው፤ ውሃውን ግን ማለፍ አይገባም። የድሬዳዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ ከባድ ነው፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ይኸው ኖራ ነው። ከሳሙና ጋር ተገናኝቶ የማይሟሟ ዝቃጭ ሆኖ ክሩ ላይ ይለጠፋል፤ የባሕር ዛፍ ብርቱካናማ ቀለም ደግሞ ትንሽ አሲድነት ያለው ውሃ ይስማማዋል። ውሃውን አፍልተው፣ አስቀምጠው፣ ከላይ የጠራውን ብቻ ይቅዱ፤ ዝናብ ሲገኝ ደግሞ የጣሪያ ውሃ ይያዙ። ቅጠሉን የሚነክሩበት ውሃ ላይ ጥቂት አቼቶ ይጨምሩበት።

ጥቁር ግራጫ መስመር ከፈለጉ የዛገ ምስማር አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ፈሳሹን በብዙ ውሃ አቅጥነው ቅጠሎቹን ብቻ ይንከሩበት። ብረቱ ከታኒኑ ጋር ሲዋሐድ ይጠቁራል፤ ሲበዛ ግን ክሩን ከጊዜ በኋላ ስለሚበላው መላውን ጨርቅ መንከሩን አልመክርም። ድስቱም ምግብ የማይሠራበት ይሁን። የእንፋሎቱም ሰዓት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ውሃ ድሬዳዋ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር በ94 አካባቢ ስለሚፈላ፣ እኛ አንድ ሰዓት ተኩል የሚበቃን የሐረር ሰዎች ሁለት ሰዓት ቢያቆዩት ይሻላል።

ከዚራ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መደቡን በእርድ ማቅለም አስቤ ነበር፤ ይሆናል?

ጀጎል፦
ለሚሸጥ ዕቃ እርድን አይጠቀሙ፤ ሲቀባ ያምራል፣ ነገር ግን ፀሐይ ቶሎ ታነጣዋለች። ሸብ በያዘ ጨርቅ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ የተሻለ ይጸናል። ጥቅሉንም በሚቀጥለው ቀን ፈትተው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፣ ጥቂት ቀናት አሳርፈውም በለስላሳ ሳሙና ይጠቡት። ከመሸጥዎ በፊት ከእያንዳንዱ ሥራ ቁራጭ ወስደው ግማሹን በወፍራም ወረቀት ሸፍነው መስኮት ላይ ለሁለት ሳምንት ይስቀሉት፤ የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ልዩነት በግልጽ ከታየ ያንን ቅጠል ፀሐይ ለማያገኘው የግድግዳ ጌጥ እንጂ ለልብስ አያውሉት።