ማሌንያ በጋሻ እየመከትኳት ደሟ ይሞላል፣ ጌሙ ተበላሽቶ ነው? እስከ ሌሊት 11 ሰዓት ድረሱልኝ

የማዶው ልጅ፣ ማታ 1፡20
ወገን ድረሱልኝ። ኤልደን ሪንግ የሚባለው ጌም ላይ ማሌንያ የምትባለዋ ቦስ (ዋና ጠላት) ጋ ቆሜ ቀርቻለሁ፣ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ጌሙ ተበላሽቷል መሰለኝ። ጋሻ ይዤ ጎራዴዋን በደንብ እየመከትኩ፣ እኔን ጫፌን ሳትነካኝ የሷ ደም መልሶ ይሞላል! ቅድም ግማሽ አድርሻት ነበር። ከዛ ያንን አየር ላይ እየተሽከረከረች የምትከታትፈውን ነገር አመጣችብኝና ሞትኩ። የሷ ደም ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ፕሌይስቴሽኑ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ነገ ሌሊት 11 ሰዓት አውቶቡስ ይዞት አዲስ አበባ ይመለሳል። ዛሬ ካልገደልኳት አለቀልኝ። ጌሙን አጥፍቼ እንደገና ልጫነው? ከጫንኩት ሴቩ (እስካሁን የተጫወትኩት) ይጠፋል? በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አባይ ማዶ ነኝ፣ መብራቱም አያስተማምንም።

ቆሮሶ፣ ማታ 1፡24
ስድስት ቀን? በታንኳ እየቀዘፍክ ጎርጎራ ደርሰህ ትመለስ ነበር እኮ። አይዞህ ወንድሜ፣ እኔን ሦስት ሳምንት ነው የያዘችኝ።

ጆ ሽምብጥ፣ ማታ 1፡25
ሚሚክ ቲርን ጥራ፣ አንተን መስሎ አብሮህ የሚዋጋውን መንፈስ። አለቀ።

የማዶው ልጅ፣ ማታ 1፡29
ጠርቼዋለሁ ጆ። እሱንም እየመታች ደሟን ትሞላለች። ይኸው እሱን ነው የምላችሁ፣ ተበላሽቷል።

ኪያ፣ ማታ 1፡33
አልተበላሸም። ከመነሻው የያዝከው ነገር ልክ አይደለም። ማሌንያን ሲሠሯትም እንደዚህ አድርገው ነው። ጎራዴዋ ካረፈ ደም ታገኛለች። ገላህ ላይ ይረፍ፣ ጋሻህ ላይ ይረፍ፣ የጠራኸው መንፈስ ላይ ይረፍ፣ ለሷ አንድ ነው። ጋሻ አንተን ያድናል እንጂ እሷን ከመጠጣት አያግዳትም። ስለዚህ ስድስት ቀን ሙሉ ጋሻ እያቀረብክ ስትመግባት ነው የከረምከው።

የማዶው ልጅ፣ ማታ 1፡36
ታዲያ ጋሻው ምን ሊሠራልኝ ነው? ደግሞ አንዱ ዩቲዩብ ላይ ባግ (የጌሙ ስህተት) አለ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ኪያ፣ ማታ 1፡41
ባግ ነበር፣ አልዋሸህም። ኤፕሪል 2022 ላይ ነው። ከሌላ ሰው ጋር በኦንላይን ሲጫወቱ ደሟ የሚሞላበት ነገር ተዛብቶ ነበር፣ 1.04.1 አፕዴት ላይ አስተካከሉት። አንተ ብቻህን ነህ፣ አይመለከትህም። አጥፍተህ ብትጭነው ከሷ ጋር የምትታገልበትን ሰዓት ዳውንሎድ ይበላዋል።

የድሮ ማሪዮ፣ ማታ 1፡50
ልጆች፣ ላቋርጣችሁና አንድ ነገር ልበል። እኛ ልጅ ሆነን ካሴቱ አልሠራ ሲል አውጥተን እፍ ብለን ነበር የምንከተው። አንድ ጌም ክረምቱን ሙሉ ይበቃናል። ሴቭ የሚባል ነገር የለም፣ መብራት ከሄደ ከአንድ ትጀምራለህ። ያን ጊዜ የተማርነው ነገር ቢኖር ማየት ነው። የዛሬ ልጆች ቦሱ ገና በሩ ላይ ሳለ መምታት ትጀምራላችሁ። ልጄ፣ እስቲ አሁን ግባና አንድም ጊዜ ሳትመታት ዝም ብለህ ሽሽ። አምስት ጊዜ ሙት፣ ግድ የለም። ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደምታርፍ ብቻ እይ። እጇን ሳይሆን እግሯን እይ። የሚቸኩል ሰው ሲመታ እንጂ ስትነሳ አያያትም። ይህን የምለው ለጌም ብቻ ብዬ አይደለም፣ ትምህርትም ላይ...

ቆሮሶ፣ ማታ 1፡52
ጋሼ ትምህርቱን ለነገ፣ ልጁ አውቶቡስ አለበት።

ሰብሊ 14፣ ማታ 1፡58
የማዶው ልጅ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ስትንከባለል እንዴት ነው? ቀልጠፍ ብለህ ትነሳለህ ወይስ እንደ ጆንያ ዱብ ትላለህ? ዕቃ የምትለብስበት ገጽ ላይ ከክብደቱ አጠገብ ምን ይላል? ይሄን ካልነገርከን የምንልህ ሁሉ ዋጋ የለውም።

የማዶው ልጅ፣ ማታ 2፡03
ክብደት ምን አገናኘው? ሙሉ የብረት ልብስና ትልቁን ጋሻ ነው ያደረግኩት፣ እንዳትገድለኝ ብዬ። "ሄቪ ሎድ" ይላል። አዎ፣ ዱብ ነው የምለው።

ሰብሊ 14፣ ማታ 2፡16
ተገኘ! ክብደትህ ከምትችለው 70 በመቶ ካለፈ መንከባለልህ ይሞታል። ያቺን ሴትዮ በዱብታ ማምለጥ አይቻልም። ከ70 በታች አውርደው። ከ30 በታች ከሆነማ በጣም ቀላል ትሆናለህ፣ ግን ለዛ ራቁትህን ልትቀር ነው፣ 70ው ይበቃሃል። ጋሻውን ያዘው፣ የብረቱን ልብስ አውልቅ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያ የሚገድልህ ነገር ደሟ ወደ ሦስት አራተኛ ሲወርድ ነው የሚጀምረው። ወደ ላይ ትነሳና አንዲት አፍታ አየር ላይ ቀጥ ትላለች። ልክ ዓሣ ሊነጥቅ ውሃው ላይ እንደቆመ ወፍ። ያቺን ቀጥ ማለት ካየህ የጀመርከውን ሁሉ ተው። ራቅ ብለህ ከነበርክ የቀኙን አናሎግ ተጭነህ ሎኩን (ካሜራውን እሷ ላይ የሚያስረውን) አጥፋና ጀርባህን ሰጥተህ ሩጥ። የመጀመሪያው ዙር ባዶ ቦታ ይቆርጣል። ሁለተኛው ተወንጭፎ ወዳንተ ይመጣል፣ እዚህ ጋ ነው ሁሉም ሰው የሚሞተው፣ ምክንያቱም ወደ ኋላ ይሸሻል። አትሽሽ። ወደሷ ተንከባለል፣ በላይህ ታልፋለች። ሦስተኛውም እንደዛው፣ ወደሷ። ከዛ መሬት ላይ ስታርፍ ሁለቴ ምታና ውጣ። ሦስተኛ ልጨምር አትበል።

አጠገቧ ቆመህ ከተነሳች ግን ሩጫ አያወጣህም። ጋሻው የሚጠቅምህ ያኔ ነው። የመጀመሪያውን ዙር መክት፣ ደም ትጠጣለች፣ ትጠጣ። አንተ አትሞትም። የቀሩትን ተንከባለል። ሌላ ጊዜ ግን ጋሻውን እርሳው።

ሌላው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መንከባለያው ክብ በተን ስትጫነው ሳይሆን ስትለቀው ነው የሚሠራው፣ ተጭኖ መያዝ ሩጫ ስለሆነ። ጣትህን ከጫንክ በኋላ የምታዘገይ ከሆነ ሁልጊዜ ትዘገያለህ። ነካ አድርገህ ወዲያው ልቀቅ። ቲቪውም ላይ ጌም ሞድ የሚል ካለው አብራው፣ ሥዕሉ ከጣትህ ኋላ እንዳይቀር።

ጆ ሽምብጥ፣ ማታ 2፡18
ሰብሊ ያለችው ልክ ነው ግን ሚሚክ ቲር ጥራ። እሱን ስታሳድድ አንተ ከኋላ ትመታለህ።

ፔዳ ሁለተኛ ዓመት፣ ማታ 2፡25
ምን ዓይነት መሣሪያ ነው የያዝከው? ደም የሚያፈስ ጎራዴ ካለህ እሱን አድርግ። ብሊድ ይይዛታል፣ ሲሞላ ከጠቅላላ ደሟ በመቶኛ ነው የሚቀንስላት። ውርጭም ይይዛታል። ፍሪዚንግ ፖት (የሚወረወር የውርጭ ማሰሮ) ካለህ ደግሞ ልክ አየር ላይ ቀጥ ስትል ወርውርባት፣ ትወድቃለች፣ ሽክርክሩ ይቋረጣል። ካሬዋ በተን ላይ አስቀድመህ አዘጋጀው እንጂ ያኔ መፈለግ አትጀምር።

ኪያ፣ ማታ 2፡31
ማሰሮ መወርወር ማሸነፍ አይባልም። ብላድሃውንድስ ስቴፕ የሚባለውን ፈጣን ማምለጫ ችሎታ አምጣና በሥርዓቱ አምልጣት።

ፔዳ ሁለተኛ ዓመት፣ ማታ 2፡33
ለምን አይባልም? ጌሙ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። ደግሞ ብላድሃውንድስ ስቴፕን ለማግኘት ድራገንባሮው ድረስ ሄዶ፣ ሌኒስ ራይዝ አጠገብ ድልድዩ ላይ ሌሊት ብቻ የሚወጣውን ፈረሰኛ መግደል አለበት። ልጁ ስንት ሰዓት ቀረው?

ኪያ፣ ማታ 2፡37
ቦታው ድረስ ፈረስህ አለ፣ ከነግድያው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ የምለው ማሌንያ ጌሙን ለመጨረስ የግድ የምትገደል ቦስ አይደለችም። ዝለላት ብትባል ትዘለላለች። እዛ ድረስ በፈቃድህ ሁለቱን የሜዳልያ ስባሪ ፈልገህ ከሄድክ፣ ባህርይዋን ተምረህ ብትጥላት ነው ደስ የሚለው። ያ ራሱ ላይ ማሰሮ ደፍቶ፣ ያለ ልብስ፣ በሁለት ጎራዴ ብቻውን እየተዋጋላቸው ሌሎች ተጫዋቾችን ሲረዳ የነበረው ሰው ከ1,000 ጊዜ በላይ ገድሏታል። የጌሙ ኩባንያ በ2022 እውነተኛ ጎራዴ ሸለመው። እሱ የሚሠራው ሌላ ነገር አይደለም፣ መቼ እንደምትነሳ ያውቃል።

የማዶው ልጅ፣ ማታ 3፡10
ሰብሊ እግዜር ይስጥሽ!!! ልብሱን አወለቅኩ። 66 በመቶ ሆነ። ሌላ ሰው ነው የሆንኩት። ሁለተኛው ዙር በላዬ አለፈ፣ በዓይኔ አየሁት። አራት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴ ከነነፍሴ ወጣሁ። ቅድም ጣቴን በተኑ ላይ አስተኝቼ ነበር የምጫወተው፣ ለካ ሲለቀቅ ነው። ጋሼ እርስዎም ያሉትን አደረግኩ፣ ሦስት ጊዜ ዝም ብዬ ሸሸሁ። እግሯን ማየት ይሠራል።

የድሮ ማሪዮ፣ ማታ 3፡14
ጎበዝ ልጄ። አሁን ውሃ ጠጣ፣ ዓይንህንም አሳርፈው።

ዳኒ ጌም ቤት፣ ማታ 3፡30
ስለ ሴቩ ማንም አልመለሰለትም። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ጌም ብታጠፋ ሴቩ አይጠፋም፣ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። የአክስትህ ልጅ ይዞት ከመሄዱ በፊት ፍላሽ ሰክተህ ቅዳው። ሴቲንግ ውስጥ ግባ፣ የሴቭ ዳታውን ቦታ ክፈት፣ ወደ ዩኤስቢ ኮፒ የሚለውን ተጫን፣ አምስት ደቂቃ አይወስድም። ግን በማን አካውንት ነው የምትጫወተው? ሴቩ የሚከፈተው በዛው አካውንት ብቻ ነው።

የማዶው ልጅ፣ ማታ 3፡34
በሱ ነው 😭

ዳኒ ጌም ቤት፣ ማታ 3፡37
እንግዲያው ቅዳውና ፍላሹን አስቀምጥ፣ እሱን ደግሞ አሁኑኑ አነጋግረው። አካውንቱን ሌላ ፕሌይስቴሽን ላይ እንድትከፍት ከፈቀደልህ እኔ ጋ መጥተህ ትጨርሳለህ። እሱ ካልፈቀደ ግን ፍላሹ ብቻውን አይረዳህም።

ቆሮሶ፣ ማታ 3፡40
ሐይቁ ዳር ወስደህ የዓሣ ጥብስ ጋብዘው። ጣና እያየ ዓሣ እየበላ እምቢ የሚል ሰው አላየሁም። ምናልባት ጉዞውንም አንድ ቀን ያራዝመው ይሆናል።

የማዶው ልጅ፣ ሌሊት 5፡48
ሞተች ብዬ ጮኼ ተነሳሁ፣ እናቴ ደንግጣ መጣች፣ ከዛ አበባ ሆና ተነሳች!!! ምንድነው ይሄ? ማንም አልነገረኝም! ሁለተኛ ደም አላት!

ሰብሊ 14፣ ሌሊት 5፡52
ውይ፣ የምታውቅ መስሎኝ ነው፣ ይቅርታ። ሁለተኛው በ80 በመቶ ደም ነው የሚጀምረው፣ ሙሉ አይደለም። ገና እንደጀመረ ከሰማይ ወደ መሬት ትወረወርና አበባው ይፈነዳል። መሬት ከመድረሷ በፊት ሩጥ፣ ሲፈነዳ ሩቅ ሁን። ከዛ አበባው ውስጥ ትንሽ ትቆያለች። ያ ጊዜ የአንተ ነው፣ አበባው ሲረግብ ግባና ምታት። ቀይ ብስባሽ (እንደ መርዝ ደምህን የሚጨርሰው) ከያዘህ ፕሪዘርቪንግ ቦለስ የሚባለውን መድኃኒት ዋጥ፣ ዝም ካልከው ሳትነካህ ይጨርስሃል። ሽክርክሩ ያው ነው፣ አልተለወጠም።

ጆ ሽምብጥ፣ ሌሊት 5፡53
ሚሚክ ቲር።

የማዶው ልጅ፣ ሌሊት 6፡41
መብራት ሄደ። ሩብ ነበር የቀራት። ስልኬ 11 በመቶ ነው።

ዳኒ ጌም ቤት፣ ሌሊት 6፡44
አትደንግጥ፣ ጌሙ በየጊዜው ራሱ ሴቭ ያደርጋል። እሷን ከመጀመሪያዋ ትጀምራታለህ እንጂ ሌላው ያለህ ሁሉ አለ። መብራት ሲመጣ ፕሌይስቴሽኑ ሃርድ ዲስኩን ልፈትሽ ካለህ ተወው፣ ይጨርስ፣ አታቋርጠው።

ሰብሊ 14፣ ሌሊት 7፡30
ቀበሌ 14 መጥቷል። ማዶስ?

ቆሮሶ፣ ጠዋት 2፡15
አውቶቡሱ ሄደ? ገደልካት? ደብረ ማርቆስ ሳይደርሱ ንገረን እንጂ።

ፔዳ ሁለተኛ ዓመት፣ ከሦስት ቀን በኋላ
የማዶው ልጅ ካለህ መልስ። ፍላሹ ላይ ቀዳኸው?

አዲስ ገቢ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ
እኔም እዚሁ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩ። ጋሻውን ይዤ ልብሱን አወለቅኩ፣ ክብደቴ 69.8 ነው። ይበቃል?

ሰብሊ 14
ይበቃል። ወደሷ ነው፣ ወደ ኋላ እንዳትሸሽ።