በቪዲዮ ለምትሰሩ የደብረብርሃን ልጆች፣ ብራችሁን መጀመሪያ ድምፅ ላይ አውሉት

ሰላም ወገን፣ ደብረብርሃንና አካባቢው ሆናችሁ በዙም ኢንተርቪው ያለባችሁ፣ ኦንላይን የምታስተምሩ፣ እባካችሁ ካሜራ ልግዛ ብላችሁ አትሩጡ። ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፣ ድምፅ ሲያስተጋባ ግን ቶሎ ይሰለቻል።

ማይክ ከሆነ ኮሌታ ላይ የሚሰካው ባለገመዱ ከብሉቱዝ ኤርፎን በጣም ይሻላል፣ ብሉቱዝ ማይኩ ሲከፈት የድምፁ ጥራት ይወርዳል፣ ቻርጁም መሃል ላይ ጉድ ይሰራችኋል። ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አርጋችሁ ሰኩት፣ ጋቢ ከደረባችሁ እንዳይታሽበት፣ ስፖንጇንም አታውልቋት፣ ንፋሳችንን ታውቁት የለ።

ባዶ የብሎኬት ክፍል ውስጥ ለምታወሩ ደግሞ፣ ያንን ስስ የግድግዳ ፎም ከአዲስ አበባ ከምታስመጡ የመንዝ ባና ወይ ዝተት ስቀሉ። የበግ ፀጉር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ድምፅ ይውጣል፣ ስሱ ፎም ግን ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው። ብዙ ሰው ለማማር ብሎ ከጀርባው ብቻ ይሰቅላል፣ ዋናው ግን ፊት ለፊታችሁ ያለው ግድግዳ ነው ምክንያቱም ድምፃችሁ ሄዶ የሚመታው እዛ ነው፣ ግድግዳው ላይ ከሚለጠፍ ትንሽ ራቅ ብሎ ቢንጠለጠል ደግሞ የበለጠ ይሰራል። ክረምት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን ባናም አያድንም፣ ያኔ ዙም ሴቲንግ ገብታችሁ የድምፅ ማጣሪያውን ከፍ አርጉት።

መብራት ቀላል ነው፣ ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙሩ፣ ፀሐዩ ከከረረ ነጠላ ጋርዱበት፣ ፊት ላይ ለስለስ ብሎ ያርፋል። ማታ ለምትሰሩ ሪንግ ላይት (ክቡን መብራት) ስትገዙ በዩኤስቢ የሚሰራውን ምረጡ፣ መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ትቀጥላላችሁ። መነፅር ካላችሁ ከፍ አርጋችሁ ወደ ጎን አቁሙት፣ አለበለዚያ ክቡ መነፅሩ ላይ ይታያል። ስልኩን በመፅሐፍ ደራርባችሁ አይናችሁ ትክክል አርጉት።

አፕ ላይ፣ ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል፣ ጉግል ሚት 3 ሰውና ከዛ በላይ ከሆናችሁ 60 ደቂቃ ይሰጣል፣ ለሁለት ሰው ግን ሰዓቱ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ አንድ ተማሪ ለምታስጠኑ ሚት ይሻላችኋል።

ኔትወርክ የቱ ይሻላል ለምትሉ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ያዙና እዛው ክፍል ውስጥ፣ በዛችው ሰዓት ሞክሩት፣ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። መሃል ላይ ከደከመ ቶሎ ቪዲዮውን ዝጉና በድምፅ ቀጥሉ።