መዋኛ ገንዳ ያለው ቤት የሕፃናት መዋያ ይሁን? ልጅ ቢሰጥምስ ተጠያቂው ማን ነው?

የክርክሩ መነሻ፦
በመኖሪያ ቤታቸው የሰው ልጅ ተቀብለው የሚያውሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ በግቢያቸው መዋኛ ገንዳ አላቸው። እንዲህ ያለው ቤት የመዋያ ፈቃድ ይሰጠው ወይስ ይከልከል? ፈቃድ ካገኘስ፣ አደጋ ሲደርስ ኃላፊነቱ የማን ነው? የመዋያው ባለቤት፣ የቤቱ አከራይ ወይስ «ልጄ እንዲዋኝ ፈቅጃለሁ» ብሎ የፈረመው ወላጅ? ተከራከሩ፤ መሰዳደብ ግን ክልክል ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
መልሴ አጭር ነው፤ ይከልከል። ገንዳ ያለው ሰው ወይ ገንዳውን ይድፈነው ወይ ሌላ ሥራ ይፈልግ። የሰው ልጅ ለመጠበቅ ገንዘብ እየተቀበሉ ሞትን በግቢ ማኖር ምን ይሉታል?

የመዋያ ባለቤት፦
ወንድሜ፣ «ሞትን በግቢ አኖረች» የሚሏት ሴት እኔ ነኝ። መዋያዬ ገንዳ ባለበት ቤት ነው። ወላጆች ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ገንዳው ነው፤ ብዙዎቹም የመረጡኝ በእሱ ምክንያት ነው። ልጆቹ ውኃ ውስጥ የሚገቡት እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነው፤ እያንዳንዱ ወላጅም አስቀድሞ ፈርሟል። በቤት ውስጥ ደረጃ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ከበር ውጭ መኪና አለ። ሁሉን ከከለከልን ልጅ የት ይደግ?

ነርስ፦
እህቴ፣ «አጠገባቸው ቆሜ» ያሉት ላይ ላቁምዎ። ትንንሽ ልጆች በቤት ገንዳ የሚሰጥሙት በአብዛኛው በዋና ሰዓት አይደለም። የሚሰጥሙት ማንም ሰው ውኃ አጠገብ ናቸው ብሎ በማያስብበት ሰዓት ነው። ስልክ ሲጠራ፣ የሌላው ሕፃን ዳይፐር ሲቀየር፣ ልጁን ሊወስድ የመጣ ወላጅ በር ላይ ቆሞ ሲያወራ። የጓሮው በር ገርበብ ብሎ ቀርቷል፣ ትናንት የተጫወቱበት ኳስ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ በቃ።

ደግሞም መስጠም ድምፅ የለውም። ሰው ጩኸትና መንቦጫረቅ ይጠብቃል። የሚሰጥም ልጅ ግን አፉ ከውኃ በታችና በላይ እየሆነ ለመተንፈስ እንጂ ለመጮህ ጊዜ የለውም፤ እጆቹም ውኃውን ወደ ታች ይገፋሉ እንጂ ለጥሪ አይውለበለቡም። ከደረጃ የወደቀ ልጅ ያለቅሳል፤ ሰምተው ይደርሱለታል። ገንዳ አይጠራዎትም። አንጎል ያለ ኦክስጅን ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ደግሞ ልጁ ቢተርፍ እንኳ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድም መስጠም አራተኛው የሞት ምክንያት ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
ይኸው! እኔ ያልኩትን ነው ያሉት።

ነርስ፦
አላልኩም። ገንዳው የሚያስፈራኝ ማንም ሳይዋኝ ሲቀር ነው አልኩ እንጂ ይደፈን አላልኩም። ጥያቄዬ ባልተዋኘበት ሰዓት በልጁና በውኃው መካከል ምን አለ የሚል ነው። የባለቤቷ ዓይን ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ የሰው ዓይን ይደክማል፣ ዘወር ይላል።

የዋና አሰልጣኝ፦
መልሱ አጥር ነው፤ ነገር ግን ሁሉም አጥር አጥር አይደለም። ብዙ ቤቶች ግቢያቸው ዙሪያውን ስለታጠረ ብቻ «ገንዳችን ታጥሯል» ይላሉ። ያ አጥር የሚከለክለው የጎረቤትን ልጅ ነው። ከሳሎን ወጥቶ በቀጥታ ወደ ገንዳው የሚሄደውን ልጅ፣ ማለትም እርስዎ የሚያውሉትን ልጅ፣ አይከለክልም። ገንዳው ራሱ በአራቱም ጎን ለብቻው መታጠር፣ ከቤቱም መለየት አለበት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በአራት ጎን የታጠረ ገንዳ፣ ግቢው ብቻ በሦስት ጎን ከታጠረበት ጋር ሲነጻጸር የልጅን የመስጠም አደጋ በ83 በመቶ ይቀንሳል ይላል። እኔ ከዚህ የተሻለ አንድ መሣሪያ አላውቅም።

የአጥሩ ቁመት ቢያንስ 1.2 ሜትር፣ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ በሩ ከገንዳው ወደ ውጭ የሚከፈት፣ በራሱ የሚዘጋና በራሱ የሚቀረቀር፣ መቀርቀሪያው ልጅ የማይደርስበት። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉን ያበላሸዋል፤ በሩን በድንጋይ ደግፎ ክፍት ይተወዋል፣ ወይም ወንበር አጥሩ ሥር ያስቀምጣል። የሦስት ዓመት ልጅ ወንበር አይቶ ምን እንደሚያስብ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

የሦስት ዓመት ልጅ እናት፦
ደወል የሚባለውስ? አንድ ልጅ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ የሚጮህ መሣሪያ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

የዋና አሰልጣኝ፦
አለ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ የግል ገንዳ ያለው ሰው ከአጥር፣ ከደወል፣ ከመሸፈኛና ገንዳውን ከሚከልል ቤት አንዱን እንዲመርጥ አድርጋለች። እኔ በዚህ ምርጫ አልስማማም። የውኃው ደወል የሚጮኸው ልጁ ከገባ በኋላ ነው፤ ለአጥር ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆንም። መሸፈኛውም ቢሆን ውኃ ለማሞቅ የሚዘረጋው ስስ ላስቲክ ከሆነ ከመከላከል ይልቅ ወጥመድ ይሆናል፤ ልጁ ሲረግጠው ይሰምጣል፣ ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰውም ምንም አይታየውም። ክንድ ላይ የሚታሰሩትን በአየር የሚነፉ ተንሳፋፊዎች ደግሞ መጫወቻ በሏቸው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እንግዲያው ልጆቹን ሁሉ ዋና አስተምሯቸውና ይለቅ። እርስዎስ ሥራዎ ይኸው አይደል?

የዋና አሰልጣኝ፦
ሥራዬ ስለሆነ ነው ይህን የምነግርዎ፤ የተማረ ልጅም ይሰጥማል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአንድ ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ትምህርቱ አደጋውን ሊቀንስ እንደሚችል ይቀበላል፤ ጠባቂን ይተካል ግን አይልም። ልብሱን ለብሶ፣ ሳያስበው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ የአራት ዓመት ልጅ በትምህርት ሰዓት የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል።

የሕግ ባለሙያ፦
እስካሁን ስለ ፊርማው ማንም አልተናገረም፤ የመዋያው ባለቤት ግን የተማመኑት በእሱ ይመስለኛል። ወላጅ ከፈረመ ነገሩ አለቀ የሚለው እምነት በብዙ አገር አያስኬድም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ ያለው ሕግ በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው በቸልተኝነቱ ለሚደርስ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ከኃላፊነት ነጻ ነኝ ብሎ በውልም ሆነ በማስታወቂያ ማምለጥ አይችልም ይላል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ወላጅ የልጁን ካሳ የመጠየቅ መብት ጉዳቱ ሳይደርስ አስቀድሞ አሳልፎ መስጠት አይችልም። መብቱ የልጁ ነው፤ ልጁ ደግሞ አልፈረመም።

«ልጁ ራሱ ሄዶ ገባ» የሚለውም መከላከያ ደካማ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1873 የባቡር ማዞሪያ ላይ ሲጫወት ለተጎዳ አንድ ልጅ፣ ልጁ በሰው ይዞታ ያለ ፈቃድ ቢገባም፣ የባቡር ኩባንያውን ተጠያቂ ያደረገውን ፍርድ አጽንቷል። ልጅን የሚስብ አደገኛ ነገር ያለው ባለይዞታ ልጆች እንደሚመጡ ማሰብ አለበት የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ወዲህ ሥር ሰድዷል። ያ ሁሉ ሳይጋበዝ ስለገባ ልጅ ነው። በመዋያ ያለው ልጅ ግን ተጋብዞ፣ ተከፍሎበት፣ በእጅ ተይዞ የገባ ነው። ስለዚህ ከተጠያቂዎቹ መጀመሪያ የሚቆሙት የመዋያው ባለቤት ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የመድን ውልዎን ያንብቡ። ተራ የመኖሪያ ቤት መድን ብዙውን ጊዜ በቤቱ ውስጥ የሚካሄድን የንግድ ሥራ አይሸፍንም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ካሳ ሲጠየቅ ነው።

የመዋያ ባለቤት፦
ታዲያ ወረቀቱን ልቅደደው?

የሕግ ባለሙያ፦
አይቅደዱት። ገንዳ መኖሩን፣ ልጁ መቼና ከማን ጋር ውኃ እንደሚገባ ወላጁ አውቆ መፍቀዱን ያሳያል፤ ያ መልካም ነው። ጋሻ ግን አይሆንዎትም።

ነርስ፦
ስለ ካሳ ስናወራ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ፍርድ ቤት የሚደርሰው ልጅ ከጠፋ በኋላ ነው። እህቴ፣ ሰው ሠራሽ ትንፋሽ መስጠት ይችላሉ? ሰጥሞ የወጣ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው አየር ነው፤ ደረት መጫን ብቻውን አይበቃውም። አምቡላንስ እስኪደርስ ያለው ጊዜ የእርስዎ ነው።

የመዋያ ባለቤት፦
ሠልጥኛለሁ፤ የምስክር ወረቀቴም ጊዜው አላለፈም። የማይመልሱልኝ ሌላ ነገር ነው። ሁላችሁም የምትናገሩት ገንዘብ እንዳለኝ አድርጋችሁ ነው። ቤቱ የኪራይ ነው፤ አጥሩን በሰው ግቢ እኔ ልትከለው?

ቤት አከራይ፦
እኔም አከራይ ነኝ፤ የእርስዎ ባልሆንም። ሰው ቤቴን ለመኖሪያ ብሎ ይከራየኛል፤ ከወራት በኋላ ስሄድ ጓሮው በብስክሌትና በአሻንጉሊት ሞልቷል። ያላወቅሁት መዋያ ባለዕዳ ያደርገኛል?

የሕግ ባለሙያ፦
ያላወቁት ከሆነ ክርክርዎ ጠንካራ ነው። ያዩት ቀን ግን ማወቅ ይጀምራሉ። በየአገሩ ይለያያል፤ ሆኖም ዳኞች በተለምዶ የሚጠይቁት ቦታውን በእጁ ያደረገው ማን ነው፣ አደጋውን ማን ያውቅ ነበር፣ ማስተካከልስ የሚችለው ማን ነበር ብለው ነው። በሩ እንደማይቀረቀር ተከራይዎ ጽፋ ነግራዎት ዝም ካሉ ከእሷ ጋር ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ገንዳው ውስጥ ውኃ የሚስበው ቀዳዳ ክዳን ቢሰበርም እንዲሁ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የመሳቡ ኃይል ይዟት ውኃ ውስጥ ሞታለች፤ የሕዝብ ገንዳዎች አደገኛ ያልሆነ ክዳን እንዲኖራቸው የሚያስገድደው የ2007 ሕግ በስሟ የተጠራ ነው።

የሦስት ዓመት ልጅ እናት፦
ስለምንፈርመው ወላጆች አንድ ነገር ልበል። እኔ ፈርሜያለሁ። የፈረምኩት ስለተስማማሁ አይደለም፤ ሥራ መግቢያዬ ደርሶ ሌላ መዋያ ስላልነበረ ነው። እንደዚያ ባለ ቀን የተሰጠኝን ወረቀት ሁሉ እፈርማለሁ። ገንዳ ያለው ሁሉ ይዘጋ የሚሉት ወንድማችንም ያስቡበት። ፈቃድ ያላት ሴት ስትዘጋ ልጄ ማንም የማይቆጣጠረው ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ በረንዳ ላይ የሚነፋ ትንሽ ገንዳ ሞልቶ ያድራል። ሕፃን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥም ይሰጥማል አይደል?

ነርስ፦
ይሰጥማል። ያ ትንሽ ገንዳ ከተዋኘበት በኋላ ወዲያው ተደፍቶ መገልበጥ አለበት። ባልዲም እንዲሁ።

የሁለት ልጆች አባት፦
እሺ፣ አጥሩ ይሠራ። የዋናው ሰዓትስ? አንዲት ሴት ስድስት ልጅ ይዛ ውኃ ውስጥ ስትገባ ዝም ልበል?

የዋና አሰልጣኝ፦
እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። በእንግሊዝ በቤቷ ልጅ የምታውል ሴት ከስምንት ዓመት በታች ከስድስት በላይ ልጅ መያዝ አትችልም፤ ከእነሱም ገና ትምህርት ቤት ያልገቡት በመደበኛው ከሦስት አይበልጡም። ለሳሎን ይህ ይበቃ ይሆናል። ውኃ ሌላ ነው። ዋና ለማያውቅ ሕፃን ጠባቂው በክንድ ርቀት መሆን አለበት ይባላል፤ ሰው ያለው ሁለት ክንድ ነው። አንዱ ልጅ መጸዳጃ ቤት እፈልጋለሁ ቢል ሁሉም ከውኃ ወጥተው በሩ ተቀርቅሮ አብረው ይሄዳሉ። ይህን በተግባር የምታደርግ ብቸኛ ሞግዚት አላየሁም። ብቻዋን የምትሠራ ሴት ገንዳ ሊኖራት ይችላል፤ የዋና ሰዓት ግን ሊኖራት አይገባም።

የመዋያ ባለቤት፦
ይኸኛው ገብቶኛል። ሁለተኛ ሰው እስክቀጥር ዋናውን አቆማለሁ፤ ለወላጆችም በጽሑፍ አሳውቃለሁ። ስለ አጥሩ ከአከራዬ ጋር እነጋገራለሁ። ግን እሠራልሻለሁ የሚል አከራይ ኪራይ ሳይጨምር አይቀርም።

ቤት አከራይ፦
እኔ ብሆን እሠራዋለሁ፤ አዎ፣ ኪራዩንም እጨምራለሁ። በቤቱ መዋያ መኖሩም በውሉ ውስጥ ይገባል፤ መድኑም እንደዚያው።

የመዋያ ባለቤት፦
ኪራይ ከተጨመረ እኔም በወር ክፍያው ላይ እጨምራለሁ። ከየት ላምጣው?

የሁለት ልጆች አባት፦
አሁንም ገንዳው ቢደፈን ይረክሳል እላለሁ።

የሦስት ዓመት ልጅ እናት፦
እንግዲህ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ታወቀ። ጭማሪውን እከፍላለሁ። የአጥሩን በር መቀርቀሪያ ግን ልጄን ባመጣሁ ቁጥር በራሴ እጅ እሞክረዋለሁ፤ ያልተቀረቀረ ቀን ልጄን ይዤ እመለሳለሁ።