የ3 ዓመት ልጅ ይዞ ጀልባ ላይ መውጣት፦ ምን ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከባሌ ቤተሰቦች ጋር በትንሽ የሞተር ጀልባ ሐይቅ ላይ ልንወጣ ነው። ልጆቼ 7 እና 3 ዓመታቸው ነው። ትልቁ ትንሽ ትንሽ ይዋኛል፣ ትንሹ ግን ውሃ ካየ የሚይዘው የለም። ላይፍ ጃኬት ተውሼ ሞከርኩለት፣ ትከሻው ላይ ይዤ ብድግ ሳደርገው ጃኬቱ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ባሌ «ክንዱ ላይ የሚነፋውን እናድርግለት፣ ምን ያካብዳል» ይላል። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ።

ቀዛፊው
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ውሃ ውስጥም የሚሆነው እሱው ነው፣ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ሾልኮ ይወርዳል። የክንዱ ፊኛ መጫወቻ ነው፣ ይወልቃል፣ ይተነፍሳል። ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፣ ውስጡ የተጻፈውን ኪሎ እዪ። «ያድግበታል» ብሎ ሰፋ ያለ መግዛት ለጫማ ይሁን። ለትንሹ በእግሮቹ መሀል የሚያልፍ ማሰሪያና ራሱን ከኋላ የሚደግፍ አንገትጌ ያለው ፈልጊ። ጃኬቱ ላይ የማንሳፈፍ ጉልበቱ በኒውተን ይጻፋል፣ 50 ኒውተን የሚለው ለሚዋኝ ሰው ስለሆነ እሱን ተዪው፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ትልቁም ይልበስ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ነው የሚቆራረጥበት፣ ዋና ትዝ አይለውም።

አንድ አባት
እኛ ጉድ የሆንነው ጀልባው ላይ አይደለም፣ ከወረድን በኋላ ነው። «ደረስን» ብለን የልጄን ጃኬት አወለቅንላት፣ ዕቃ ስናወርድ በጀልባውና በመሳፈሪያው መሀል ገባች። ስድስት ትልልቅ ሰዎች ቆመናል፣ ሁላችንም ሌላው እያያት መስሎን። አልጮኸችም፣ አልተንፈራገጠችም። ወንድሜ ቀና ሲል ፀጉሯን አይቶ ነው የጎተታት። ከዚያ ወዲህ ጃኬት የሚወልቀው መኪና ውስጥ ነው፣ ጠባቂም በተራ አለ፣ ባለተራው ስልክ አይነካም።

የሁለት ልጆች እናት
ውይ፣ እግዜር አተረፈልህ! ወገቡን በገመድ ከመቀመጫው ጋር ባስረውስ?

ቀዛፊው
በፍጹም! ጀልባው ቢገለበጥ አብሮ ይሰምጣል። ከተገለበጠ ደግሞ ጀልባውን ይዞ መቆየት እንጂ ወደ ዳር ልዋኝ ማለት የለም።

ሞተረኛ
ስለ ሞተሩ ማንም አላወራም እንዴ? ማንም ውሃ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሹ ፍሪ ነው ማለት አይበቃም። ጀልባው አፍንጫ ላይ እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ ክልክል ይሁን፣ ከዚያ የወደቀ ልጅ ጀልባው በላዩ ያልፍና ፕሮፔለሩ (ከሥር የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ) ያገኘዋል። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ከነጂው ሰውነት ጋር ይታሰር። ኋላ ጭሱ ዘንድም ልጅ አይቀመጥ፣ ጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።

የሁለት ልጆች እናት
ገዛሁ። በኪሎው፣ ማሰሪያም ያለው። ሳነሳው አብሮ ተነሳ፣ ባሌም ዝም አለ። እንዲለምደው ብዬ ቤት ውስጥ አለበስኩት፣ አሁን አላወልቅም ብሎ እሱን ለብሶ ተኝቷል።