እንጀራው ይሻግታል፣ ድንቹ ያቆጠቁጣል፣ ወጡ ይደፋል፦ ለክረምት ምን ይሻላል?

ጣና ዳር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነን፣ ቤታችን አምስት ሰው ነው። የምንጋግረው በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ነው፤ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ማክሰኞ ላይ የታችኛው እንጀራ ሻጋታ ያወጣል። በኩንታል የተገዛው ድንች አቆጠቆጠ፣ ከላይ ያለውም አረንጓዴ ሆነ። ወጥ ደግሞ በብዛት የሚደፋው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የተሠራው ነው። እንጀራውን እንዴት ላቆየው? የሻገተውን ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን መብላትስ ይቻላል?

አክንባሎ
እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይቻልም። በዓይን የሚታየው ነጥብ የሻጋታው ላይኛው ክፍል ብቻ ነው፣ ሥሩ እርጥብና ለስላሳ በሆነው እንጀራ ውስጥ ዘልቋል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በእሳት አይጠፋም፤ ፍርፍር አድርጎ ማንተክተክ አያድንም። ለላምም ለዶሮም አትስጪው። አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ላሟ ከበላችው በወተቷ ይወጣል፣ ዞሮ የሚጠጡት ልጆች ናቸው።

የታችኛው ቀድሞ የሚሻግተው ትኩስ በትኩስ ላይ ስለሚደረብ ነው። ከምጣድ የወጣ እንጀራ ገና እንፋሎት ይለቃል። ሌላው ሲጫንበት እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ውሃ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሰፌድ አዘጋጂና እያፈራረቅሽ እያንዳንዱን ለብቻው አቀዝቅዢ፤ በእጅሽ ጀርባ ስትነኪው ሙቀት ካልተሰማሽ ይደረባል። ዳሩ እንዳይደርቅ ስስ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ፌስታል ግን ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይነካውም።

መሶቡንም እዪው። ሻጋታው በስንደዶው ስፌት መካከል ይደበቅና አዲሱን እንጀራ ይጠብቃል። ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፊ፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ገልብጠሽ አስጪው፤ በውሃ አትጠቢው፣ በክረምት አይደርቅም። ውስጡን የምታነጥፊው ጨርቅ በየመጋገሪያው ቀን በፈላ ውሃ ይታጠብ። በእርጥብ እጅ እንጀራ ማውጣትም ይቅር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሳምንት ሁለቴ መጋገር ነው። ሊጡን አንዴ አቡኪው፤ ቅዳሜ ግማሹን ብቻ አብሲት ጥለሽ ጋግሪ። ቀሪው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ ከላይ የሚጠለለውን ቢጫ ውሃ በየቀኑ እየደፋሽ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ተኪው። ይህ ካልተደረገ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ዓይኑም አያምርም። ማክሰኞ ከሊጡ አንድ አሥረኛ ያህል ወስደሽ በሦስት እጥፍ ውሃ በጥብጪና እያማሰልሽ አፍዪው፤ ለብ ሲል ብቻ መልሺው። ትኩሱ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራውም ዓይን የሌለው ይሆናል።

ሰፌድ ሙሉ
አክንባሎ ስለ መጋገሩ በደንብ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ድርቆሽ ልጨምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ድርቆሽ ሊሻግት ለደረሰ እንጀራ መጠጊያ አይደለም፤ በተጋገረ በሁለተኛው ቀን፣ ገና ደህና ሳለ የሚሠራ ነው። እሑድ ማታ እንጀራውን ቁጠሩ፤ እስከሚቀጥለው ጋገራ ከምትበሉት የሚተርፈውን ያኔውኑ ለዩ።

ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ቅደዱት፣ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ በትኑት፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ስስ ነጠላ አልብሱት። በበጋ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይበቃዋል። በክረምት ግን ደመና ላይ መተማመን እንጀራውን ለሻጋታ መስጠት ነው። የኤሌክትሪኩን ምጣድ ትንሽ አሙቃችሁ ንቀሉት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ቁርጥራጩን አፍስሱበትና በየጥቂት ደቂቃው አገላብጡት፤ አክንባሎው አይከደን፣ እንፋሎቱ መውጣት አለበት። አንድ ዙር ካልበቃው በሚቀጥለው ጋገራ ሳይሆን በዚያው ዕለት ምጣዱን ትንሽ አሙቃችሁ ድገሙት። ሲሰብሩት ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከተጣጠፈ አልደረቀም።

ከቀዘቀዘ በኋላ አፉ ግጥም የሚል ዕቃ ውስጥ ይግባ። በየሳምንቱ አንድ ቁራጭ ሰብራችሁ ሞክሩ፤ ከለሰለሰ እርጥበት ገብቶበታልና መልሳችሁ አድርቁት። ለፍርፍር ሲሆን ቁሌቱን ከወትሮው ቀጠን አድርጉት፣ ድርቆሽ ብዙ ውሃ ይመጥጣል። ጨውንም ቆጠብ አድርጉ፤ ወጡ ከቀጠነ በኋላ ተንተክትኮ ሲያልቅ ጨውነቱ ይጎላል።

የሜጫ ጎተራ
ድንቹን በተመለከተ መጀመሪያ ሒሳብ። በሳምንት 5 ኪሎ የምትጨርሱ ከሆነ አንድ ኩንታል የ20 ሳምንት ቀለብ ነው። በባሕር ዳር ሙቀት ያን ያህል ሳያቆጠቁጥ አይቆይም። ከሦስት ጎረቤት ጋር ተካፈሉት፣ 25 ኪሎ ለአምስት ሳምንት።

አረንጓዴ የሚያደርገው ብርሃን ነው። ከአረንጓዴው ጋር የሚመጣው መራራ ነገር መርዝነት አለው፣ ተቀቅሎም አይጠፋም። ትንሽ ብቻ ከሆነ ልጣጩን ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ዙሪያውን ከያዘው ወይም ሲቀመስ ከመረረ ይጣል። አጭር ቡቃያ ያወጣና ገና ጠንካራ የሆነ ድንች ግን ቡቃያው ከነሥሩ ተጎርጉሮ ወጥቶ ይበላል። ጓሮ ያላችሁ አረንጓዴውን ትከሉት፤ ገበሬ የዘር ድንችን ሆን ብሎ ብርሃን ያሳየዋል፣ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ እንዲሆን።

ሲቀመጥ አይታጠብ፣ ፌስታል ውስጥ አይታፈን። ርብራብ ላይ፣ ጨለማና ነፋስ ያለበት ቦታ። ከሽንኩርት ጋርም አታጎራብቱት፤ ድንቹ የሚተነፍሰው እርጥበት ሽንኩርቱን ያበሰብሰዋል። በሳምንት አንድ ቀን ገልብጣችሁ የበሰበሰውን ልቀሙ፤ አንዱ ከፈሰሰ ሥሩ ያሉት ሁሉ ይከተሉታል።

እህልም ከቤት የሚባክን ነውና ዝም ብዬ አላልፍም። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፣ በቆሎ ነው ችግሩ። ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት (ሁለት ፕላስቲክ በውስጥ፣ ማዳበሪያው በውጭ) ያለ መድኃኒት ይሠራል። አየሩ ተጨምቆ እየወጣ ሦስቱም ለየብቻ ይታሰራሉ፤ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። ቶሎ ቶሎ ከተከፈተ ግን አየር ስለሚገባ ምንም አይሠራም፣ ስለዚህ ለየወሩ የሚሆነውን ለዩና ሌላውን አትንኩ። እርጥብ በቆሎ ከገባበት ደግሞ ይሻግታል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ነቅንቁ፣ ትንሽ አቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ ይሰጣ።

ከወፍጮ የመጣ ዱቄትም ትኩስ ሳለ አይታሰር። ተበትኖ ይቀዝቅዝ፣ አለዚያ ያልበውና ይጓጉላል።

ቅል
የማክሰኞና የሐሙሱን ማንም አልነካውም። እህቴ፣ ምክንያቱ ወጡ መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ማግሥቱ ጾም ነው። ማክሰኞ ማታ ቅቤ የገባበት ሽሮ ረቡዕ አይበላም፣ ሐሙስ እስኪደርስ ደግሞ ይበላሻል። መፍትሔው ቅቤውን ድስት ውስጥ አለመጨመር ነው። ወጡ በዘይት የጾም ሆኖ ይሠራ፣ የሚፈልግ በየሳህኑ ንጥር ቅቤ ጠብ ያድርግ፤ በድስት የቀረው ረቡዕ ይበላል። የድስቱ ማውጫ ጭልፋ ግን ቅቤ የነካው አይሁን። ሽሮ ደግሞ ቶሎ ስለሚደርስ በየማዕዱ ልክ መሥራት ይቻላል፤ ለሁለት ቀን ማዘጋጀት የሚያዋጣው ቁሌቱን ነው።

የተረፈውን በትልቁ ድስት ከድናችሁ አትተዉት፣ መሐሉ እስከ ሌሊት ሞቅ ብሎ ይቆያል፣ የሚበላሸውም ያኔ ነው። ወደ ጠፍጣፋ ዕቃ ገልብጡት፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጡት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ማግሥቱ የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጥታችሁ እስኪፈላ አሙቁ።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በሐምሌ መጨረሻ እርጎውን ናጡትና ቅቤውን አንጥሩት፣ ንጥር ቅቤ 15 ቀን ቀርቶ ወራትም ይቆያል። አይብ ግን ስለማይጠብቅ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከምትበሉት በላይ አታውጡ።

ጣና ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። ቀዝቃዛ እንጀራ በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጅ ብከትስ? መብራት ቢጠፋስ?

አክንባሎ
ፍሪጅ ሻጋታውን ያዘገያል፣ እንጀራውን ግን ያደርቀዋል፤ ሲወጣ ይሰነጣጠቃል። ከመብላትሽ በፊት ለአፍታ እንፋሎት ላይ አድርጊው፣ ይለሰልሳል። የበረዶው ክፍል ካለሽ ለአንድ ማዕድ የሚሆነውን እየለየሽ ጠቅልለሽ አስቀምጪ፣ የቀለጠው አይመለስ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቺ፤ ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ሙሉ የሆነ የበረዶ ክፍል እስከ ሁለት ቀን። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ የሥጋና የወተት ነገሩን እዪ፣ እንጀራው በሰፌድ ላይ ወጥቶ ወደ ድርቆሽ ይሂድ።