ክርክር (በቅንፍ ያለው የየተናጋሪው ሰፈር ወይም ከተማ ነው)፦ አከራይ ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱን ቆጣሪ እንዲያስገባ ክልላችን ያስገድድ ወይስ አያስገድድ?

ተከራይዋ (ሸንኮር)፦
ሰላም የሐረር ልጆች። አንድ ጉዳይ ላንሳና እንከራከርበት፣ መሰዳደብ ግን ይቅርብን። አንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ቤት ተከራይ ካለ ክልላችን "ለየቤቱ ቆጣሪ ካልገባ የኪራይ ውል አይመዘገብም" የሚል ደንብ ያውጣ ወይስ አያውጣ? እኔ ያውጣ ነው የምለው።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። አብዛኞቻችን የምንኖርበት ግቢ ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። ሂሳቡ ሲመጣ አከራይ ያካፍላል፣ አካፋፈሉ ደግሞ እንደየሰዉ ነው፣ አንዱ በሰው ቁጥር፣ አንዱ በክፍል፣ ሌላው ለፍሪጅ ይሄን ያህል ለቲቪ ይሄን ያህል ብሎ ይቆርጣል። ምጣድና ስቶቭ ብዙ ቦታ ገና ስትገቡ ነው የሚከለከለው፣ ደላላው ራሱ ቤት ሳያሳያችሁ በፊት "ልጅ አላችሁ? ምጣድ አላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ መብራት ባለበት ከተማ እየኖርን በከሰል እናበስላለን። በብርድ ጊዜ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሰው እንደሚገድል ማናችንም አናጣውም፣ ግን ሌላ ምርጫ ካልተሰጠሽ ምን ታደርጊያለሽ?

ሁለተኛው ታሪፉ ነው። ለመኖሪያ ቤት በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ሰው ከሁሉም ዝቅ ያለውን ዋጋ ይከፍላል፣ አቅም ለሌለው ተብሎ የተደጎመ ነው። ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300 እያለ እርከኑ ሲወጣ ዋጋውም ይወጣል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እያደገ እንዲሄድ ተወስኗል። አሁን አምስት ቤት ነን እንበል፣ እያንዳንዳችን በወር 45 ብንጠቀም ሁላችንም ዝቅተኛው እርከን ላይ ነን። በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን 225 ይሆንና አራተኛው እርከን ላይ ይወጣል፣ ከ200 ስላለፈ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣበታል። ለብቻው ግቢ ያለው ሰው ድጎማውን ያገኛል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከነልጆቿ የምትኖረው አታገኝም። እኔን የሚያመኝ እሱ ነው።

አከራዩ (አራተኛ)፦
ልጄ የምትይው እውነት አለበት፣ ግን አከራይ ሁሉ ሀብታም ይመስልሻል። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ከጓሮ ያሉት ሦስት ክፍሎች ናቸው የጡረታዬን ጉድለት የሚሞሉት። ቆጣሪ እንደ አምፖል ከሱቅ አይገዛም፣ ማመልከቻ አለው፣ ካርታ ይጠየቃል፣ ገመዱና ብሬከሩ የራሴ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ተራ መጠበቅ ነው። ካርታው በአባት ስም ያለና ውርሱ ገና ያልተጠናቀቀ ስንት ግቢ አለ በዚህ ከተማ። እነዚህ ሰዎች ውላቸው አይመዘገብም ከተባለ ወይ ቤቱን ይዘጉታል ወይ ያለ ውል ያከራዩታል፣ ሁለቱም ተከራዩን ነው የሚጎዱት።

ሌላው የኪራይ አዋጁ ነው፣ 1320/2016። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን ተባለ፣ ኪራይ እንደፈለጉ መጨመር ቀረ፣ ቀብድ ከሁለት ወር አይበልጥም ተባለ። እሺ ብለናል። ኪራዩን እንዳልጨምር ታስሬ በዚያው ላይ ሦስት ቆጣሪ አስገባ ብባል ገንዘቡን ከየት ላምጣው? ምጣድ የምንከለክለውም ለክፋት አይደለም ወላሂ፣ መስመሩ ይቃጠላል።

የመብራት ሰራተኛው (አማሬሳ)፦
መስመር ይቃጠላል ያሉት አባባ ትክክል ናቸው። ተራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ነው፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሰዓት ምጣድ ካበሩ 32 አምፔር፣ አሮጌ ግቢ ውስጥ ደግሞ ከቆጣሪው እስከ ጓሮ የሄደው ገመድ ቀጭን ነው፣ መሀል ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ አለ፣ የሚግለው እዚያ ጋ ነው። አንድ ግቢ ኮርኒስ ከፍቼ ያየሁት ገመድ ልባሱ ቀልጦ መዳቡ ተራቁቶ በእንጨቱ ላይ ተኝቷል፣ ከሥሩ ሕፃናት ይተኛሉ። እና ክልከላው ምጣዱን አያስቀርም፣ ያስደብቀዋል እንጂ። ሰው አከራይ ገበያ ሲወጣ ጠብቆ ይጋግራል፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት!

እህቴ ላንቺም የማነሳው አለ። 45 ያልሽው ሂሳብ ምጣድ የሌለበት ነው። በሳምንት ሁለቴ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግሪ ምጣዱ ብቻውን በወር 45 ይበላል። ፍሪጅና አምፖል ሲጨመር ከ50 አልፈሻል። የራስሽ ቆጣሪ ቢገባም ምጣድና ድጎማውን ሁለቱንም አታገኚም።

ደግሞ "ቀናሽ ቆጣሪ ይበቃል" የሚል ሰው እንዳይመጣ አስቀድሜ ልበል፣ ከዋናው ሥር የምትገባዋን ማለቴ ነው። እሷ ማን ስንት እንደተጠቀመ ታሳያለች፣ ጭቅጭቅ ትቀንሳለች፣ ርካሽም ናት። ግን ሂሳቡ የሚመጣው በዋናው ስለሆነ ያው ከፍተኛው እርከን ላይ ነው የምትካፈሉት።

ተከራይዋ (ሸንኮር)፦
ምጣዱን በደንብ አስልተኸዋል ወንድሜ፣ ግን ሁለተኛው እርከን ላይ ብሆን እኮ በራሴ ምጣድ ነው የወጣሁት፣ ጎረቤቴ ባበራው ስቶቭ አይደለም። ልቀንስ ካልኩ እቀንሳለሁ። አሁን ብቀንስ ለማን ነው የምቀንሰው? የቆጠብኩት ለአምስት ይካፈላል፣ ስለዚህ ማንም አይቆጥብም።

የጀጎሉ ልጅ (ከኤረር በር ውስጥ)፦
ሁላችሁም የግል አከራይ ላይ ናችሁ፣ የከተማው ትልቁ አከራይ መንግስት እኮ ነው። በ1967 በአዋጅ 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ጀጎል ውስጥ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረ ጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ለሁለት ለሦስት ተከፍሎ ተሰጠ፣ ነደባው (መደቡ) ያለበት ዋናው ክፍል ላይ አንዱ ቤተሰብ፣ የጎን ክፍሉ ሌላው፣ ማድ ቤቱ ደግሞ ለሦስተኛው። እኛ ቤት ዛሬም እንደዚያው ነው፣ ግቢው ያለው አንድ ቆጣሪ፣ እሱም ስሙ ላይ ያለው ሰው ድሮ ያረፈ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ጥቂት ብር ነው፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን መብራቱ ከኪራዩ ብዙ እጥፍ ሆኗል። መንግስት በራሱ ቤት ያላደረገውን ጡረተኛ አባት ላይ በምን አፉ ያስገድዳል? መጀመሪያ የቀበሌ ቤቶቹን ይጨርስ፣ ከዚያ ወደ ሰው ይምጣ።

በዚያ ላይ ጀጎል ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፣ ግንቡን እንደፈለጉ መብሳት አይቻልም። ለያንዳንዱ ክፍል ቆጣሪ ብትሰቅሉ እኮ ያ ነጭ ግድግዳ በሳጥን ነው የሚሞላው። በቅርስ ጥበቃ በኩል ተጠንቶ አንድ ቦታ ላይ የሚሰበሰቡበት መላ መፈለግ አለበት።

ሳቢያን (ድሬዳዋ)፦
አቦ ከድሬ ልግባ። እናንተ በብርድ ትከራከራላችሁ፣ እኛ ጋ ቬንትሌተር ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ ያለሱ እንቅልፍ የለም። አከራይ "ቬንትሌተር ለየብቻ ይታሰባል" ይላል፣ ክፈሉ ተብለን እንከፍላለን። ቆጣሪ ይለይ የሚለውን በሁለት እጄ ነው የምደግፈው፣ ግን ውል አይመዘገብም የሚለው አስፈራኝ፣ ውል ከሌለ ነገ ውጣ ብትባል መከራከሪያህ ምንድነው?

ውል አዋዋዩ (አሚር ኑር)፦
ሥልጣኑ የማን እንደሆነ እንለይ። ታሪፍ የፌዴራል ነው፣ ቆጣሪ የሚያስገባውም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፣ ክልሉ ሊያዘው አይችልም። ክልሉ የሚችለው ሌላ ነው። የኪራይ ውል የሚመዘግበውን አካል የሚሰይመው ክልሉ ነው፣ የቀበሌ ቤት የክልሉ ነው፣ ካርታ የሚሰጠውም ማዘጋጃ ቤቱ ነው። አባባ ያነሱት የካርታ ችግር እኮ እዚሁ ነው የሚፈታው፣ የወረዳው አስተዳደር "ይህ ግቢ በእገሌ ይዞታ ሥር ነው፣ ለቆጣሪ ብቻ የሚያገለግል" ብሎ ማስረጃ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ግን አገልግሎቱ ወረቀቱን ሊቀበል ቀድሞ መስማማት አለበት፣ ያለሱ ደንቡ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚቀረው።

ክልላችን ከሁሉም ትንሿ ናት፣ ምክር ቤቱ 36 ወንበር ነው፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ። ተወካይህን ገበያ ላይ ታገኘዋለህ። ይሄንን ጉዳይ የእነ እገሌ የእነ እገሌ እንዳታደርጉት እለምናችኋለሁ፣ በሁሉም ወገን ተከራይ አለ በሁሉም ወገን አከራይ አለ። ግን ትንሽነታችን በጀትም ላይ አለ፣ አብዛኛው ከፌዴራል ድጎማ ነው፣ "ክልሉ ለሁሉም ቆጣሪ ይግዛ" የሚል ሀሳብ ከመጣ እኔ ተቃዋሚ ነኝ።

እንጀራ ጋጋሪዋ (አቦከር)፦
እኔ የምጋግረው ለሽያጭ ነው፣ ለሁለት ሱቅና ለአንድ ምግብ ቤት አስረክባለሁ። ልጆች ስለቆጣሪ ስትነጋገሩ የኔን አይነት ሰው ረሳችሁት። ግቢያችን ውስጥ ብዙ መብራት የምበላው እኔ ነኝ፣ አከራዬ የቆረጡልኝ ሂሳብ በቆጣሪ ከሚመጣብኝ ሳያንስ አይቀርም፣ ጎረቤቶቼም ያውቁታል፣ አንዷ ፊት ከነሳችኝ ቆይታለች። የራሴ ቆጣሪ ቢገባ እርከኑ ላይ ወጥቼ ብዙ እከፍላለሁ። ግን ይግባልኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲጠብቀኝ ብሬከሩ ከዋናው ቤት ተዘግቶ አገኘዋለሁ፣ ሰው ማንኳኳት ደግሞ በዚያ ሰዓት ነውር ነው። ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ደንበኛዬ ሌላ ጋ ይሄዳል። ብዙ ከፍዬ ማብሪያው በእጄ ቢሆን ይሻለኛል። የከፈልኩትን እንጀራው ዋጋ ላይ አስቤ እጨምራለሁ፣ የጠፋ ደንበኛ ግን አይመለስም።

አከራዩ (አራተኛ)፦
የኔ እናት ይሄ ልቤን ነካው፣ ብሬከር ሌሊት መዝጋት ልክ አይደለም፣ እኔ እንዲህ አላደርግም። አንድ ያላነሳችሁት ግን አለ። ተከራይ ሂሳብ ሳይከፍል ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ እዳው በቆጣሪው ላይ ይቀራል፣ ቆጣሪው ደግሞ በኔ ስም ነው። ሦስት ቆጣሪ ሲሆን ሦስት እዳ።

የመብራት ሰራተኛው (አማሬሳ)፦
አባባ ለሱ መላ አለው፣ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ። ተከራዩ ካርዱን ሞልቶ ነው የሚጠቀመው፣ ሲያልቅ ይጠፋል፣ ለርስዎ የሚተርፍ እዳ የለም። ለኪራይ ክፍል ከዚህ የተሻለ የለም። ገመዱ ግን ቀድሞ መቀየር አለበት፣ በዚያ ቀጭን መስመር ላይ ቆጣሪ መለየት ዋጋ የለውም፣ ለምጣድ ለብቻው ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል።

ተከራይዋ (ሸንኮር)፦
እንግዲያው ሀሳቤን ላስተካክለውና ለምክር ቤት አባሎቻችን የምናስገባውን እንስማማበት። የጀጎሉ ልጅ እንዳለው መጀመሪያ የቀበሌ ቤቶች ይሁኑ፣ መንግስት ከራሱ ይጀምር። የግል ግቢ ላይ "ውል አይመዘገብም" የሚለውን አነሳዋለሁ፣ የሳቢያኑ ልጅ ያለው ልክ ነው፣ ያለ ውል የሚቀረው እኛው ነን። በምትኩ የሚመዘገበው ውል ላይ ሦስት ነገር የግድ ይጻፍ፦ ሂሳቡ በምን እንደሚካፈል፣ ደረሰኙ ለተከራይ እንደሚታይ፣ ማብሪያው እንደማይዘጋ። ተከራይ በራሱ ወጪ ቆጣሪ ላስገባ ሲል አከራይ እንዳይከለክል፣ ወጪውም በሁለት ዓመቱ ውል ውስጥ ከኪራይ እየተቀነሰ ግማሽ በግማሽ ይሁን።

አባባ በዚህ ይስማማሉ?

አከራዩ (አራተኛ)፦
ደረሰኙንና ማብሪያውን እስማማለሁ፣ ዛሬም ይጻፍ። ግማሽ በግማሹን አልቀበልም፣ ቆጣሪው ለኔ ቤት የሚቀር ስለሆነ የኔ ድርሻ ይብዛ ካላችሁ እንኳ እንነጋገርበት፣ ግን ከየወሩ ኪራይ ተቀንሶ ሳይሆን በመጨረሻው ዓመት ይሁን፣ እኔ በዚያ ብር ነው ወሩን የማልፈው። ካርታ ለሌላቸው ያ የወረዳ ማስረጃ ደንቡ ውስጥ ካልገባ ደግሞ አልፈርምም።

ውል አዋዋዩ (አሚር ኑር)፦
የወረዳውን ማስረጃ አንቀጽ እኔ ልጻፈው። የቀበሌ ቤት ያላችሁ ቆጣሪያችሁ በማን ስም እንዳለና ስንት ቤተሰብ እንደሚጠቀምበት ለጀጎሉ ልጅ በውስጥ ላኩለት፣ ከማመልከቻው ጋር አያይዘን እናስገባዋለን።