ፊኛው ሲነፋ ሚዛኑ ለምን ይቀንሳል?

ጠያቂ (መምህር፣ ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። የመጠነ ቁስ ዕቀባ ሕግን (በኬሚካዊ ለውጥ ጠቅላላው መጠነ ቁስ አይጨምርም፣ አይቀንስም የሚለውን) ለተማሪዎቼ ለማሳየት በግማሽ ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አቼቶ ጨምሬ፣ 2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ የያዘ ፊኛ አፉ ላይ ካጠለቅሁ በኋላ ሁሉንም በአንድነት መዘንኩት። ሶዳው ወደ አቼቶው ሲራገፍ ፊኛው ተነፋ፤ ሚዛኑ ግን 0.6 ግራም ያህል ቀንሶ አሳየ። የፊኛውን አንገት በክር ጠፍሬ ብደግመውም ያው ነው። ሚዛኑን ከወርቅ ቤት ስለተዋስሁት እሱን ለመጠርጠር ይከብደኛል። ተማሪዎቹ «ታዲያ ሕጉ የት አለ?» እያሉኝ ነውና ምን ልመልስላቸው?

መልስ (ከመሐል ሜዳ)፦
ጋዝ እያመለጠ ይመስለኛል። አለዚያም የከፍታችን ነገር ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ያሉበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ሳስቷል።

መልስ (የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ሲና)፦
ከ2 ግራም ሶዳ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 0.6 ግራሙ አምልጦ ቢሆን ኖሮ ፊኛው ያን ያህል አይወጠርም ነበር። የጎደለው መጠነ ቁስ አይደለም፤ ፊኛው ሲነፋ የአካባቢውን አየር ገፍቶ ቦታውን ስለሚይዝ፣ የተገፋው አየር ክብደት የሚያህል ኃይል ፊኛውን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ሚዛኑም ያንን ቀንሶ ያነባል። ከፍታው እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ በደጋ አየሩ ቢሳሳም ያው ጋዝ ፊኛውን ይበልጥ ስለሚነፋው ሁለቱ ይጣፋሉ። በእኩል ይዘት (ቮሊዩም) እና ግፊት የአየርና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ክብደት 29 ለ44 ስለሆነ፣ 1 ግራም ጋዝ 0.66 ግራም አየር ይገፋል። ጥቂቱ ጋዝ አቼቶው ውስጥ ሟሙቶ እንደሚቀር ካሰቡ፣ የእርስዎ 0.6 በጣም ጥሩ ልኬት ነው።

መልስ (የኬሚስትሪ መምህርት፣ ዓለም ከተማ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ለጀማሪ ተማሪ ግን ይዘቱ የማይለወጥ ዕቃ ይሻላል። ሶዳውን በአጭር ቴስት ቲዩብ አድርገው፣ አቼቶው እንዳይነካው ቀጥ አድርገው ወደዚያው ጠርሙስ ያውርዱት፤ ክዳኑን አጥብቀው ይመዝኑ፣ ከዚያ ጠርሙሱን አጋድመው አፀግብሮቱ (ኬሚካዊ ለውጡ) ሲያበቃ እንደገና ይመዝኑ። ቁጥሩ አይነቃነቅም። ክዳኑን ቀስ ብለው ሲከፍቱት ግን ጋዙ እየፏጨ ይወጣል፣ ሚዛኑም ከግማሽ ግራም በላይ ይወርዳል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ክፍል ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቩዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1774 ቲንን በታሸገ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሲያግል ክብደቱ አልተለወጠም፤ ዕቃውን ሲከፍተው ግን አየር ገብቶ ክብደቱ ጨመረ። የእኛው የዚያ ተገላቢጦሽ ነው። ጠርሙሱ ወፍራሙ የለስላሳ ፕላስቲክ ይሁን፤ ከ2 ግራም በላይ ሶዳ አይጨምሩ፣ የብርጭቆ ጠርሙስም ፈጽሞ አይጠቀሙ።